ገመናና አደባባይ፦ ስለ ካዎስ ጉባኤ ይዘትና ቅርጽ የቀረበ ሂስ

የቴአትር ሐያሲ ዘወትር የሚጠበቀው መጋረጃ ባለበት አዳራሽ ነው። ይሁን እንጂ በዘመናችን መጋረጃም ሆነ ተዋናይ የሌለው፣ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ተመልካችን አራት ቀን ሙሉ ይዞ የሚቆይ፣ የሚያስቀው፣ የሚያስደነግጠውና ከወጣም በኋላ የሚያከራክረው ሌላ ዓይነት መድረክ ተፈጥሯል። ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መረቡ፣ ስለ ዕውቀት ለሁሉ ክፍት መሆን፣ ስለ ሰው ልጅ የግል ሕይወት መጠበቅ የሚነገርበትን የሕዝብ ጉባኤ ማለታችን ነው። ከእነዚህ መካከል በዕድሜም በዝናም አንጋፋ ከሆኑት አንዱ በጀርመን አገር ዘወትር ከዲሴምበር 27 እስከ 30 ቀን የሚካሄደው የካዎስ ጉባኤ ነው። ካዎስ ትርምስ፣ ውጥንቅጥ እንደ ማለት ሲሆን፣ ጉባኤው ስሙን ያገኘው ከአዘጋጁ ከካዎስ ኮምፒዩተር ክለብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጆች በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ይህ ጸሐፊ ጉባኤውን የተመለከተው ከአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም። አብዛኞቹ ንግግሮች ተቀርጸው ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ስለሚቀርቡ፣ በርከት ያሉትን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ፣ አንዳንዱንም ሁለትና ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ለማየት ችሏል። ያየውንም የሚመዝነው እንደ መድረክ ሥራ ነው። መሐንዲስ ቢመዝነው መስፈርቱ ሌላ በሆነ ነበር። የእኛ ጥያቄ በዚህ መድረክ ላይ ምን ይገለጣል፣ ምን ይሸፈናል፣ ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። በጉባኤው የሚሰበሰቡት ሰዎች ራሳቸውን ሃከር ብለው ይጠራሉ። የእኛ መገናኛ ብዙኃን ቃሉን «ጠላፊ» ብለው ተርጉመውታል። ትርጉሙ ችሎት ሳይሰየም ፍርድ የሚሰጥ ነው፤ ጠላፊ ሲባል ልጃገረድ የሚነጥቀው፣ አውሮፕላን የሚያግተው ሰው በዓይናችን ይመጣልና። ሆኖም ያው ግስ በእናቶቻችን እጅ ሌላ ሥራ ይሠራል። ነጠላ ሸማ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መርፌዋን ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ እየወጋች፣ ሸማኔው ያላሰበውን ሐረግ የምታበቅለውም ሴት ጠላፊ ትባላለች። የጉባኤው ሰዎች በአብዛኛው ሁለተኛዋን ይመስላሉ፤ የመጀመሪያውን የሚመስሉም አልጠፉም። በ1989 ከዚህ ዓለም ጋር የተቀራረቡ የሐኖቨር ወጣቶች ከምዕራብ ኮምፒዩተሮች ያወጡትን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት መሸጣቸው ሲጋለጥ፣ ክለቡ ስለ ራሱ ማንነት ብርቱ ክርክር ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ጠቅሰን እንለፍ።

ክለቡ የተመሠረተው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1981 በምዕራብ በርሊን፣ በአንድ የግራ ክንፍ ዕለታዊ ጋዜጣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ቫው ሆላንድ ይባል ነበር፤ በ1951 ተወልዶ በ2001 ያረፈ ሰው ነው። ጊዜው ኮምፒዩተር በአመዛኙ የመንግሥት፣ የባንክና የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት የነበረበት ሲሆን፣ ተራው ዜጋ ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘው ስሙ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ነበር። በ1983 የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሕዝብ ለመቁጠር ሲነሣ ብዙ ሰው «ስለ እኔ የምትጽፉትን ለምን ታውሉታላችሁ?» ብሎ ተቃወመ፤ ጉዳዩም እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 15 ቀን 1983 በሰጠው ውሳኔ፣ ስለ ራሱ የሚሰበሰብ መረጃ ለማን እንደሚሰጥና ለምን እንደሚውል በመሠረቱ የመወሰን መብት ያለው ሰውየው ራሱ ነው ሲል አረጋገጠ። ቆጠራው የተካሄደው ሕጉ ተሻሽሎ በ1987 ነው። የካዎስ ጉባኤ የተወለደው በዚህ ክርክር መካከል ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ትርኢታቸው የታየው ግን ጉባኤው ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1984 ነበር። የጀርመን ፖስታ መሥሪያ ቤት በስልክ መስመር አማካይነት ጽሑፍ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚያሳይ አዲስ አገልግሎት አቋቁሞ፣ አስተማማኝነቱን ለሕዝብ እየሰበከ ነበር። በዚህ አገልግሎት አንዳንዱን ገጽ የሚከፍት ሰው ለገጹ ባለቤት ገንዘብ ይከፍላል። ቫው ሆላንድና ጓደኛው ሽቴፈን ቬርነሪ በሐምቡርግ ቁጠባ ባንክ የይለፍ ቃል ገብተው፣ ባንኩ የክለቡን ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ እንዲከፍት አደረጉ። ገጹ አንድ ጊዜ ሲከፈት 9.97 ማርክ ያስከፍላል። ሲነጋ በባንኩ ስም የተመዘገበው ዕዳ ወደ 135,000 ማርክ ተጠግቶ ነበር። ሰዎቹ ገንዘቡን አልወሰዱም። ያደረጉትን ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት ዘርዝረው አስረዱ።

ይህ ድርጊት ከተውኔት አጻጻፍ አንጻር ሲታይ ምሉዕ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት አደባባይ ላይ ቆሞ ተከራካሪውን በነገር የሚያስረው የጥንቱ ጠበቃ፣ ዳኛውንና ተላላፊውን ሁሉ ምስክር ያደርግ እንደነበር እናውቃለን። ሐምቡርጎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፖስታ ቤቱ «አስተማማኝ ነው» ያለውን ቃል ይዘው፣ ቃሉን በራሱ በፖስታ ቤቱ ሒሳብ መዝገብ ላይ አፈረሱት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ትርኢቱ የቆመው በማሽኑ ድክመት ላይ ነበር። የአንድም ቆጣቢ ስም፣ የአንድም ድሀ ሒሳብ ለማሳያ አላስፈለገም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ በሐምቡርግ በአንድ ሰፈር የሕዝብ አዳራሽ ተካሄደ። ከ1998 እስከ 2011 በርሊን፣ ከዚያ ለአምስት ዓመታት እንደገና ሐምቡርግ፣ ከ2017 እስከ 2019 ላይፕሲክ ተቀመጠ፤ በመጨረሻው የላይፕሲክ ዓመት የተሰብሳቢው ቁጥር ወደ 17,000 ደርሶ ነበር። ወረርሽኙ ከበተነው በኋላ በ2023 ወደ ሐምቡርግ ተመልሷል።

የጉባኤው ውስጠ ደንብ ከንግግሮቹ ባልተናነሰ ሁኔታ ሊጠና የሚገባው ነው። ሥራው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። በር የሚጠብቀው፣ ገመድ የሚዘረጋው፣ ካሜራ የሚይዘው፣ የጀርመንኛውን ንግግር በዚያው ቅጽበት ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሁሉ «መልአክ» ተብሎ ይጠራል፤ የመላእክቱ ማዘዣ ጣቢያም «ሰማይ» ይባላል። ሠርግ ወይም ተዝካር ደግሶ የዕድሩን ድንኳን የተከለ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። በ2013 ደግሞ በአዳራሾቹ መካከል የውኃ ቱቦ የመሰለ ቧንቧ ዘርግተው፣ በአየር ግፊት ደብዳቤ ሲላላኩ ሰንብተዋል። ይህን ያህል ኮምፒዩተር በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ በቧንቧ ደብዳቤ መላክ ምን ይባላል? ቀልድ ነው፤ ግን ተመልካቹ መልእክቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ በዓይኑ እንዲያይ የሚያደርግ ቀልድ ነው።

ከደንቦቹ ሁሉ ይህን ጸሐፊ የማረከው የፎቶግራፍ ደንብ ነው። በጉባኤው ቅጥር ውስጥ የሰውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰውን ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። ካሜራው የሚያየው ተናጋሪውን ነው፤ ተመልካቹን አያይም። በመሆኑም ቅጂውን የሚያይ ሰው የሺዎችን ሳቅና ጭብጨባ ይሰማል እንጂ አንድም ሳቂ ፊት አይመለከትም። ንግግሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ አድማጩ ግን ለማንም አልተሰጠም። ሁለቱ ዓላማዎች፣ የዕውቀት ክፍትነትና የሰው መሸፈን፣ በአንድ የካሜራ አቅጣጫ ታርቀዋል። እኛ አገር የኪነ ጥበብ ምሽት ሲቀረጽ ካሜራው የሚያለቅሱትን እናቶች ፊት እየፈለገ የሚዞረው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠይቀን እናውቅ ይሆን?

ሃከሮች በመካከላቸው ከሚጠቅሷቸው የሥነ ምግባር አንቀጾች ውስጥ ክለቡ ራሱ የጨመረው አንድ አለ፤ የሕዝብ የሆነው መረጃ ለሕዝብ ጥቅም ይዋል፣ የግለሰብ የሆነው ይጠበቅ የሚል ሐሳብ ያዘለ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ክፍል አማርኛ ገና የረጋ ቃል አላገኘም። ምሁራን «ግላዊነት» ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብት ብሎታል። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ ይላል። ነባሩ ቃላችን ገመና ነው። ገመናና ምስጢር ይለያያሉ። ምስጢርን ባለቤቱ ይቆልፈዋል፤ ገመናን የሚሸፍነው ያየው ሰው ነው። የጎረቤቷን ባዶ ሌማት ያየች ሴት ወጥታ አታወራም፤ ብታወራ የምትነወረው ባለ ሌማቷ ሳትሆን እሷ ናት። የአውሮፓው ሕግ መብቱን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የእኛ ቃል ግዴታውን በተመልካቹ ጫንቃ ላይ ይጥላል። ተመልካች ያለው መድረክ ሁሉ ሊመዘንበት የሚገባውን ሚዛን ይህ ጸሐፊ ያገኘው ከዚህ ቃል ውስጥ ነው፤ ማሽኑን ያራቆተ፣ ሰውየውን ግን የሸፈነ ንግግር ዓላማውን አሟልቷል።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን ከተመለከትናቸው ሁሉ ልቆ የተገኘው ዳቪድ ክሪዝል በ2014 በጀርመንኛ ያቀረበው ንግግር ነው። ርእሱ ራስህ ያላጭበረበርከውን ስካን አትመን እንደ ማለት ይሆናል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2013 አንድ ድርጅት የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ መሣሪያ ስካን ያደርጋል። በዋናው ፕላን ላይ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ ስፋታቸው 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ነው። ከመሣሪያው የወጣው ቅጂ ግን ሦስቱንም ክፍሎች 14.13 ይላል። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ወረቀቱ አልተጨማደደም፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ ግን ሐሰት ነው።

ክሪዝል ይህን ሲያሳይ አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ የሚገባ ነው፤ ትልቁ ክፍል ከትንሹ ጋር እኩል ሲሆን ማን አይስቅም? ተናጋሪው ግን ሳቁን አያባክነውም። ቀጥሎ የሒሳብ ሠንጠረዥ ያመጣል፤ በሠንጠረዡ 6 የነበረው 8 ሆኗል። አሁን የሚስቀው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ከዚያም እንዴት እንደሚሆን ያስረዳል። መሣሪያው የሰነዱን መጠን ለማሳነስ ሲል ገጹን ትንንሽ ቁራጮች አድርጎ ይከፋፍለዋል፤ የሚመሳሰሉ ቁራጮች ሲያገኝ አንዱን ብቻ ያስቀምጥና በሌላው ቦታ ደግሞ ይለጥፈዋል። ስድስትና ስምንት ደብዘዝ ካሉ ይመሳሰላሉ። እንግዲህ መሣሪያው «ይመስላል» ያለውን «ነው» አድርጎ ይጽፋል። ባለሙያ ያልሆነው ተመልካች ነገሩ እስከ ሥሩ ይገባዋል፤ ንግግሩን የመድረክ ሥራ የሚያሰኘውም ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ውጥረቱ ይጨምራል። ኩባንያው በመጀመሪያ ነገሩ የሚደርሰው ዝቅተኛ የጥራት ደረጃ ሲመረጥ ነው፣ በመመሪያውም ላይ ተጽፏል ብሎ መለሰ። ክሪዝል ግን ሙከራውን ቀጥሎ በከፍተኛው ጥራትም እንደሚደርስ አሳየ፤ ኩባንያው ስሕተቱን አምኖ ማረሚያ ለማውጣት ተገደደ። ስሕተቱ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ለስምንት ዓመት ያህል ኖሯል። በዚያ ዘመን ውስጥ ስንት የመድኃኒት መጠን፣ ስንት የድልድይ ልኬት በዚያ መንገድ አልፎ ይሆን? ዋናው ወረቀት ተቃጥሎ ቅጂው ብቻ በተቀመጠበት ቤት መልሱ አይገኝም። ተናጋሪው ይህን ጥያቄ በአዳራሹ ላይ ሲጥል ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም ፈገግ ይላል። ኩባንያውን የሚሳደብ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ የአንድ ሠራተኛ ስም ጠርቶ ለዘለፋ አልሰጠም። ቢሳደብ ኖሮ ተመልካቹ ለኩባንያው ያዝን ነበር። ገጸ ባሕርያቱን መጥፎ አድርጎ ለመሳል የሚጣደፈው የእኛ ወጣት ተውኔት ጸሐፊ ይህን ሰው ቢያየው ይጠቀማል።

በዚያው ዓመት ቶቢያስ ኤንግልና ካርስተን ኖል በየበኩላቸው ባቀረቡት ንግግር፣ የዓለም የስልክ ኩባንያዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት አሮጌ ሥርዓት በኩል የማንኛውም ሰው የእጅ ስልክ የት እንዳለ ማወቅ፣ ጥሪውንም መጥለፍ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይዘቱ ከባድ ነው፤ አቀራረቡ ግን በምሕጻረ ቃል የተጠቀጠቀ በመሆኑ ብዙ ተመልካች መንገድ ላይ ይቀራል። በ2023 የቀረበው የፖላንድ ባቡሮች ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከፋብሪካው ውጭ የሆነ አንድ የጥገና ድርጅት ባቡሮችን በጨረታ ተረክቦ ይጠግናል፤ የተጠገኑት ባቡሮች ግን አልነሣም ይላሉ። ጥሪ የደረሳቸው ሦስት የፖላንድ ሃከሮች የባቡሩን ኮምፒዩተር ሲያነቡ፣ በውስጡ የተፎካካሪ ጥገና ቦታዎች አቀማመጥ በቁጥር ተጽፎ አገኙ፤ ባቡሩ እዚያ ለተወሰኑ ቀናት ከቆመ ራሱን ይቆልፋል አሉ። ፋብሪካው ክሱን አጥብቆ ክዷል፤ ነገሩንም ወደ ፍርድ ቤት ወስዶታል። ሦስቱ ሰዎች ታሪኩን እየተቀባበሉ ሲያወሩ የገና ዛፍ ሥር ተረት እንደሚያወሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ እዚህም እዚያም ከመጠን በላይ ራሳቸውን አስደስተዋል እንጂ፣ የገዛኸው ዕቃ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይናገሩት አስጠይቀዋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። በ2008 ክለቡ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የዚያን ጊዜውን የጀርመን የአገር ውስጥ ሚኒስትር የቮልፍጋንግ ሾይብለን የጣት አሻራ አወጣ። ሚኒስትሩ የአሻራ ምዝገባ እንዲስፋፋ አጥብቀው ይሟገቱ ነበር፤ ከኖቬምበር 2007 ጀምሮም በጀርመን ፓስፖርት ላይ የጣት አሻራ ይሰፍር ጀምሯል። አሻራው የተነሣው ሚኒስትሩ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ውኃ ከጠጡበት ብርጭቆ ነው። መጽሔቱ ሥዕሉን ማተም ብቻ ሳይሆን፣ አንባቢ ጣቱ ላይ ሊለጥፈው የሚችለውን ስስ ላስቲክ አባዝቶ ወደ 4,000 ከሚደርሱት ቅጂዎች ጋር አያይዞ አሰራጨ።

ብዙዎች ይህን የምፀት ቁንጮ አድርገው ያዩታል። ድርጊቱ ስለታም መሆኑን እኛም አንክድም። «አሻራ ቁልፍ ነው» ያለውን ሰው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት እንደሄደ ማሳየት ከመቶ ገጽ ጥናት ይበልጣል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም፤ ይህንንም ከዚያ ወዲህ ማንም ልጅ ሊያስረዳ ይችላል። ሆኖም ባስቀመጥነው ሚዛን ሲመዘን ሥራው ይጎድላል። ማሽኑ ተራቁቷል፤ ሰውየውም አብሮ ተራቁቷል። የሚኒስትር ጣት የሕዝብ መረጃ ነውን? ፖሊሲያቸው የሕዝብ ነው፤ ደመወዛቸውና ፊርማቸው የሕዝብ ነው፤ የጣታቸው ቆዳ ግን እንደ ማንኛውም አናጢ ጣት የራሳቸው ገላ ነው። ገመና የማይደረስበት ለተወደደ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መብት መሆኑ ቀርቶ ሽልማት ይሆናል። ይህን የምንለው ለሚኒስትሩ አዝነን አይደለም፤ ነገ ያው ምክንያት በሌላ እጅ ሲገባ «ይህም ሰው ይገባዋል» ለማለት የሚያግደው ስለሌለ ነው።

ይህን ፍርዳችንን የሚያጠናክረው ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ጉባኤ የቀረበ ሌላ ንግግር ነው። ያን ክሪስለር የተባለው የአሻራ ተመራማሪ በ2014 ብርጭቆም እንደማያስፈልግ አሳየ። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ በተራ ካሜራ ከተነሡ ፎቶግራፎች የመከላከያ ሚኒስትሯን የኡርዙላ ፎን ደር ላየንን አውራ ጣት አሻራ መልሶ መሥራት እንደሚቻል አስረዳ። እዚህም የተመረጠው የባለሥልጣን ጣት ነው። ግን ክሪስለር ነጥቡን በገዛ ጣቱ ሊያስረዳው ይችል አልነበረምን? በ2013 የአንድ አዲስ የእጅ ስልክ የአሻራ መቆለፊያ በወጣ በቀናት ውስጥ ሲረታ የማንንም ሚኒስትር ጣት መዋስ አላስፈለገውም፤ ማስረጃውም ያንኑ ያህል ጽኑ ነበር። የሚኒስትሯ ስም የጨመረው የጋዜጣ ርእስ ነው። ጋዜጠኛ ርእስ ያስፈልገዋል፤ ጥበብ ግን ዋጋውን ሳይጠይቅ አይገዛውም።

ጉባኤው ከዚህ ትምህርት ወስዷል ወይ ለሚለው ጥያቄ የ2024ቱ ጉባኤ መልስ ይሰጣል። የፎልክስቫገን ኩባንያዎች የሠሯቸው ወደ 800,000 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች መረጃ ጥበቃ በጎደለው ቦታ ተቀምጦ ተገኘ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለ460,000 ያህሉ መኪናው የት እንደቆመ በጣም በተጠጋ ልኬት ይታወቅ ነበር። መኪና የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ የት እንደሚያድር፣ በየትኛው ሐኪም ቤት ደጅ እንደሚቆም፣ በየትኛው ቀን ቤቱ እንደማያድር ያውቃል። ክለቡ መጀመሪያ ለኩባንያው አስታወቀ፤ ቀዳዳው ተደፈነ፤ ከዚያ በኋላ ዲሴምበር ላይ ነገሩ ወደ መድረክ ወጣ። የባለ መኪናዎቹ መዝገብ ለሕዝብ አልተበተነም። ተናጋሪዎቹ ያሳዩት ካርታ፣ ነጥብና ድምር ነው። አዳራሹ አሁንም ሳቀ፤ ሳቁ ግን በ2008 የሚኒስትሩ ላስቲክ እንደሚያስቀው ዓይነት አልነበረም። ብዙው ሰው የራሱን መኪና እያሰበ ነበርና።

ስለ ድክመቱ ሌላም የሚባል አለ። አዳራሹ በአብዛኛው የሚያጨበጭበው ቀድሞ ላመነበት ነገር ነው። ቀልዱ የውስጥ አዋቂ ቀልድ ነው፤ አንድ ምሕጻረ ቃል ሲጠራ ሺህ ሰው ሲስቅ፣ በመጀመሪያ ጊዜ የመጣች መምህርት ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ ትቀራለች። ተናጋሪዎቹ በአብዛኛው የአውሮፓ ሰዎች ናቸው፤ የአፍሪካ ነገር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የስለላ መሣሪያ ገዢ ወይም ተጎጂ ሆኖ ነው። በ2013 ጉባኤ ላይ ለመንግሥታት ስለሚሸጡ የስለላ ፕሮግራሞች ባቀረቡት ንግግር ሞርጋን ማርኪስ-ቧር እና ክላውዲዮ ጓርኒየሪ የተናገሩት ጉዳይ እኛንም ይነካል፤ በዚያው ዓመት የካናዳው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ የኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ይላክ እንደነበር ተገልጿልና። ታሪኩ የእኛ ነው፤ ታሪኩን የተረኩት ግን ሌሎች ናቸው፤ በሌላ ቋንቋ።

ይህ ጸሐፊ እነዚህን ቅጂዎች ደጋግሞ ማየት የጀመረው ለፋይዳ መታወቂያ ከተመዘገበ በኋላ ነው። በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አሥር ጣቶቹን በየተራ መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ ዓይኖቹን ለመሣሪያው ሰጠ፤ ፊቱን ተነሣ። ወጣቷ መዝጋቢ ትሑትና ፈጣን ነበረች። «አባባ፣ ጣትዎን ጠንከር አድርገው ይጫኑ፤ አሻራዎ ደክሟል» አለችው። ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና ከላይ የጠቀስነው የዳታ ጥበቃ አዋጅ መኖራቸውን ያወቀው ግን ቤቱ ገብቶ ነው። አዋጆቹ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትመዋል፤ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ሊያነባቸው የሚችለው ግን ማንበብ እንዳለበት የነገረው ሰው ያለ እንደሆነ ነው፤ ይህንን ነገር በመድረክ ላይ፣ በአማርኛ፣ ብርጭቆና ጣት ይዞ ያሳየን ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ቴአትር ቤቶቻችን፣ የባህል ማዕከሎቻችንና የመምህራን ክበባት አዳራሽ አላቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ባዶ ናቸው።

የክሪዝልን ንግግር ወደ አማርኛ ለመመለስ ሙከራ ጀምረናል። የመሣሪያው ክፍል አላስቸገረንም፤ «ይመስላል» እና «ነው» የሚሉት ሁለት ግሦች አብዛኛውን ሥራ ሠርተውልናል። የተቸገርነው የክሪስለርን ስንጀምር ነው። በአማርኛ አሻራ ማለት ጣት መስታወት ላይ የሚተወው ምልክት ብቻ አይደለም። ታላላቅ ሰዎች በአገር ላይ አሻራቸውን አሳረፉ እንላለን፤ ዛፍ የተከለ አሻራውን አኖረ እንላለን፤ ቃሉ ምስጋና ተሸክሟል። ተናጋሪው በመድረክ ላይ ብርጭቆውን አንሥቶ «ሚኒስትሯ አሻራቸውን ትተው ሄደዋል» ቢል የእኛ ተመልካች መጀመሪያ ያጨበጭባል፤ ምን እንደተተወ የሚገባው ከጭብጨባው በኋላ ነው። ያን ጭብጨባ ከትርጉሙ ውስጥ እናውጣው ወይስ እንተወው የሚለውን ገና አልወሰንም።